ከአማካዩ በኋላ የተባለው

ሌሱዳ የሚስቱን ቃል ለሽማግሌዎቹ ሲያደርስ ግማሹን ብቻ አደረሰ።

ናስዬኩ ከሴቶቹ ጋር ከግራሩ ጥላ ዳር ተቀምጣ ሰማችው። በጉባኤው ላይ የሴት ቃል የሚቀርበው በባሏ አፍ ነው፤ ባል ላላት ሴት ወንድሟ እንኳ ሊናገርላት አይችልም። ስለዚህ ሌሱዳ የተናጋሪውን በትር ተቀብሎ ሲነሳ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀች። ባሏ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ድምፁ አይቸኩልም።

«አባቶቼ፣ የነፋሱን ነገር ከመለኪያው ክፍል ሆና በሬዲዮ የምትነግረኝ ሚስቴ ናት። ያን ዕለት ጠዋት ‹አማካዩ ወርዷል፣ ከገደቡ በታች ነው› አለችኝ። እኔም ክንፉን አስነሳሁ። ከዚህ ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።»

በትሩን ለአጎቱ ለሌምፓሶ መልሶ ተቀመጠ።

ውሸት አልነበረም። ብላለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ነው የተወው። ሽማግሌዎቹ አንድ ባንድ ወደ ሴቶቹ ዞረው አዩ። እግሩ የተሰበረው የሳይዲሙ እናት ናስዬኩ አጠገብ ነበረች፤ ሻርቧን ሰብስባ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሳይዲሙን እግር የሰበረችው ናስዬኩ ናት የሚለው ወሬ ከመንደር መንደር ደርሶ ነበር።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

በሎሲያንጋ ሜዳ ላይ ኩባንያው የነፋስ ተርባይን ያቆማል። ናስዬኩ ናይሮቢ ሄዳ የአየር ጠባይ ትምህርት ተምራ ወደ አገሯ የተመለሰች ናት፤ ሥራዋ ከረጅሙ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉትን መለኪያዎች እየተከታተለች ክሬኑ መቼ ማንሳት እንደሚችል፣ የነፋሱ አማካይ ፍጥነት ከተፈቀደው ገደብ ሲያልፍም መቆም እንዳለበት መናገር ነበር። አንዱ መለኪያ ከሰው ቁመት ብዙም አይርቅም፤ ሁለተኛው ምሰሶው ወገብ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ጫፉ ላይ፣ የተርባይኑ ክንፍ በሚንጠለጠልበት ከፍታ። ሌሱዳ ሥራ ሲጀምር ገመድ ያዥ ነበር። ክንፉ ወደ ላይ ሲወጣ እንዳይዞር ከታች በገመድ ከሚይዙት አንዱ። ከሥራ በኋላ እየመጣ «ይህ መስመር ምንድን ነው? ያኛውስ ለምን ይዘላል?» እያለ ይጠይቃት ነበር፤ እሷም ታስረዳው ነበር። የተጫጩት እዚያው የመለኪያው ክፍል በር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከተጋቡ በኋላ የማንሳቱ ሥራ አለቃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ክሬኑ የሚታዘዘው ለሱ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትወጣ ታች ያለው ነፋስ ሞቶ ነበር። የካምፑ ባንዲራ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ተንጠልጥሏል፤ የሻይ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጫፉ ላይ ግን ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ ብርቱ ሆኖ የተስተካከለ፣ እንደ ሞላ ወንዝ ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድ።

ክሬን ነጂው ሙቱኩ ከሩቅ፣ ከማቻኮስ የመጣ ሰው ነው። የወተት ሻዩን ይዞ በመስኮቷ ብቅ አለ።

«እህቴ፣ ነፋሱ ዛሬ ቁርስ በልቷል?»

«ላይ በልቷል። ታች ገና አልነቃም።»

«የኔ ሥራ ላይ ነው እኮ። የታቹን ለፍየሎቹ ንገሪያቸው።»

«ከገደቡ በላይ ነው። ሻይህን ጠጣ፣ ጊዜ አለህ።»

«አለቃችን ጊዜ አለን ብሎ ያስባል? ክሬኑን ሌላ ቦታ እየጠበቁት ነው። ዛሬ ያቺ ክንፍ ካልተሰቀለች እኔንም ክሬኑንም ይወስዱናል፣ ማማው አንድ ክንፍ ጎድሎት ይቆማል።»

ፀሐይ ወጣች። ድንጋዩ መሞቅ ሲጀምር የጫፉ አማካይ ነፋስ ቀስ እያለ ወረደ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው መልካም ዜና ይመስላል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሌሊቱን ምድር ላይ ተኝቶ ያደረው ቀዝቃዛ አየር ከሥሩ ሲሞቅ ይነሳል፣ ከላይ የሚሄደውን ነፋስ ይቆራርጠዋል፣ ቁራጩንም ወደ ታች ይጥለዋል። አማካዩ ይቀንሳል፣ ምቱ ይበረታል። ገመድ ያዦቹ ይህን ምት «ጥፊ» ይሉታል። ናስዬኩ ስክሪኑ ላይ ሌሊቱን እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ሲሄድ ያደረው መስመር እንደ እሾህ አጥር መሆን ሲጀምር አየች። ሬዲዮውን አነሳች።

«ሌሱዳ፣ አማካዩ ወርዷል፣ ከገደቡ በታች ነው። ግን ምድሩ ሞቋል፣ ላይ ጥፊው ጀምሯል። ክንፉን አታንሳ። ማምሻውን ሲበርድ እናየዋለን።»

«ሰማሁ» አለ።

ጥቂት ቆይታ በመስኮቱ ስትመለከት ክንፉ ከጫነው መኪና ላይ ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ሬዲዮውን አንስታ ጠራችው። አልመለሰም። ወደ ውጭ ሮጠች። አየሩ ፊቷ ላይ ቀለል ያለ ነበር፤ አሸዋው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጥፊው የመጣው ላይ ነው። ክንፉ ዞረ፣ ገመዱ ከያዦቹ አንዱን፣ ሳይዲሙን፣ ከቆመበት ነቅሎ ከመኪናው ጎን ጋር አላተመው።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ደቀቀ። ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም፤ ቆረጡት።

ከጉባኤው በኋላ ባልና ሚስት ቤታቸው ገቡ። የበቆሎ ገንፎው ኡጋሊ ቀረበ፣ እሷ አልነካችውም።

«የቀረውን ለምን ተውከው?» አለችው።

«የቱን የቀረ?»

«‹ግን› ብዬ ያልኩህን።»

«‹ግን› የሚል አልሰማሁም። ሬዲዮው ይንጫጫ ነበር፤ ሙቱኩ ሞተሩን አስነስቶት ነበር።»

«ሰማሁ ብለኸኛል።»

«የሰማሁትን ሰማሁ አልኩ። ያልሰማሁትን ሰማሁ ልበል?» ጥቂት በላና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አስቢው፣ ናስዬኩ። ያንቺ ስሕተት ከሆነ የነፋስ ነገር ነው፣ ማን ያውቀዋል ይባላል። ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል። የኔ ከሆነ የእጅ ጥፋት ነው። ከሥራ እወጣለሁ፣ የሳይዲሙ አባቶች ደጃፌን ይረግማሉ። ደጃፌ ደግሞ ደጃፍሽ ነው።»

«ስለዚህ ሰምተሃል።»

«አልሰማሁም አልኩሽ እኮ።»

ልታምነው ፈለገች። ሬዲዮዎቹ በእውነት ይንጫጫሉ፤ እሷም ብዙ ጊዜ የሱን ግማሽ ቃል ብቻ ሰምታ ደግመህ በል ብላው ታውቃለች። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ይብሳል። ካልሰማ፣ ጉባኤ ፊት የቆመው የሰማውን ይዞ ነው። ፈሪ ቢባል እንጂ ከዳተኛ አይባልም። ከፈሪ ጋር መኖር ይቻላል። ብዙ ሴቶች ይኖራሉ።

በሚቀጥሉት ቀናት ወተት የምታመጣላት ሴት ቅሏን ይዛ ደጇን አልፋ ሄደች። ገበያ ላይ ሰላምታዋን የሚመልሱላት ልጆች ብቻ ሆኑ፤ እነሱንም እናቶቻቸው ይጎትቷቸው ነበር። የሥራ ቦታው ኃላፊ ጠርቶ፣ ነገሩ እስኪበርድ በሚል ቃል፣ ዕቃ ቤት መደባት። ሙቱኩ ክሬኑ ከመሄዱ በፊት ሊሰናበታት መጣ።

«አንተስ አልሰማህም?» አለችው።

«እኔ የምሰማው የሱን ድምፅ ብቻ ነው፣ እህቴ። ሁለት ድምፅ የሚሰማ ክሬን ነጂ ሰው ይፈጃል። ‹አንሳ› አለኝ፣ አነሳሁ።» ባርኔጣውን አወለቀ። «ደግሞስ ብሰማ? የማቻኮስ ሰው እዚህ ግራር ሥር ማን በትር ይሰጠዋል? ውሃ እንኳ የሚሰጡኝ ስለማስቃቸው ነው።»

«ሳይዲሙ ግን ይሰማል።»

«ሳይዲሙ ባለቃው መስመር ላይ ያለ ሬዲዮ ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። እሱን ጠይቂው።»

ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። ሳይዲሙ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ነበር፤ እሷን ሲያይ ብርድ ልብሱን ወደ ጎደለው እግሩ ሳበው። ይዛ የሄደችውን ወተት ተቀበላት። ሌላው ሰው ሁሉ የእጇን ነገር በተጠየፈበት ጊዜ መቀበሉ አስገረማት።

«ሰምቼሻለሁ» አለ፣ ሳትጠይቀው። «‹አታንሳ› ስትይ ሰምቻለሁ። ይተዋታል ብዬ ገመዱን ላላ አድርጌው ነበር። ሲያስነሳት መልሼ ያዝኩት። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው።»

«ይህን ለአባቶችህ ንገራቸው።»

ወደ መስኮቱ እያየ፣ «እኔና ሌሱዳ ባንድ ቀን ነው የተገረዝነው። ባንድ ጥላ ሥር ነው ሥጋ የበላነው። የእድሜ ጓደኛዬን በሽማግሌ ፊት አሳልፌ ብሰጥ፣ እግሬ ይበቅላል?» አለ።

«እኔስ?»

«አንቺ ተምረሻል። ሌላ አገር ሄደሽ ትሠሪያለሽ።» ቃሉ ለራሱም እንዳልጣፈጠው ያስታውቅ ነበር። «አትቀየሚኝ፣ የወንድሜ ሚስት።»

«እሱስ ሰምቷል? አንተ ምን ይመስልሃል?»

«እሱን አላውቅም። የኔ ሬዲዮ ሰምቷል። የሱ ጆሮ ላይ የደረሰውን ግን ‹ሰምቷል› ብዬ አልምልም።»

ስትወጣ፣ ከሳይዲሙ እግር ይልቅ ያቺን የመጨረሻዋን መልስ ይዛ መውጣቷ አሳፈራት። ከማንም ንጹሕ መባል በላይ የፈለገችው ይህንኑ ማወቅ ነበር፤ ሰምቷል ወይስ አልሰማም።

ሴት በግራሩ ሥር አትናገር እንጂ ቃሏን በራሷ አፍ የምታሰማበት አንድ ቦታ አላት። ባሏን ትታ አባቷ ቤት የገባች እንደሆነ፣ ባል ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስኳርና ትምባሆ ይዞ ሊመልሳት ይመጣል። ያኔ አባቷ በባሏና በሽማግሌው ፊት «ምን አደረገሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። መልሱንም ማንም አይናገርላትም።

ናስዬኩ ልብሷን በአንድ ከረጢት አድርጋ በከብት መኪና ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

አባቷ ሌሾርናይ ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው እየለየ ነበር። ከረጢቱን አየና ሥራውን ሳያቆም፣ «ባልሽ ያውቃል?» አላት።

«ሲያጣኝ ያውቃል።»

«መትቶሻል?»

«አልመታኝም፣ አባ።»

«የሚመታ ሰው ይሻላል። የሚጠየቅበት ነገር ይታወቃል» አለና ግልገሉን ለቀቀው።

ሌሱዳ ብዙም ሳይቆይ መጣ። በሞተር ብስክሌቱ ኋላ አጎቱን ሌምፓሶን አስቀምጦ ነበር፤ በጉባኤው ቀን በትሩን ሲያዞር የዋለው እሱ ራሱ ነው። ስኳሩና ትምባሆው መሃል ላይ ተቀመጡ። ሻይ ተጠጣ፣ ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ግመል በሽታ ተወራ። ሌሱዳ ከስቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ናፍቆት ነበረበት፣ እሱም እውነተኛ ነበር።

«ልጄ፣» አለ አባቷ፣ «ሰውየው መጥቷል። ምን አደረገሽ?»

«ቃሌን ቆርጦ አደረሰ።»

ሌምፓሶ ሳቅ አለ። «የሚስቱን ቃል የማይቆርጥ ባል ካለ አሳዪኝ፣ ሄጄ ልሳለመው። ሙሉውን የሚያደርስ ጉባኤው ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«ልክ ነዎት። ይህኛው ግን እግር ያስቆረጠ ነው።»

ሳቁ ቆመ። «እስቲ አስረጂኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀንም አልገባኝም። ነፋሱ ወርዷል ካልሽ፣ የወረደ ነፋስ እንዴት ሰው ይሰብራል?»

ናስዬኩ የተማረችበትን ቋንቋ ወደ ጎን ተወችው።

«ሌሊት በረት ውስጥ የተኙ ፍየሎችን ያስቡ፣ አባቴ። ከአጥሩ በላይ ነፋስ ይሄዳል፣ እነሱን አይነካም። አቧራ የለም፣ ምንም የለም። የሌሊት ቀዝቃዛ አየርም ምድር ላይ እንዲሁ ይተኛል። የላዩ ነፋስ ብርቱ ቢሆንም ለብቻው ስለሚሄድ ለስላሳ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ፍየሎቹስ?»

«ይነሳሉ።»

«ይተራመሳሉ። አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይገፋል። የላዩ ነፋስ እነሱ መሃል ሲገባ ጉልበቱን ያባክናል፤ ባንድ ላይ ቢለኩት ከሌሊቱ ያነሰ ነው። ግን አንዴ ዝም ይላል፣ አንዴ በጥፊ ይመታል። ከታች የቆመ ሰው ደግሞ አያየውም፤ ክንፉ ከፍ ባለ ቁጥር ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ለሌሱዳ የነገርኩት ሁለቱንም ነው። ማነሱንም፣ መምታቱንም።»

ሌምፓሶ አገጩን አሻሸ። «ስለዚህ የሳይዲሙን እግር የሰበሩት ፍየሎች ናቸው።»

«ፍየሎቹ መነሳታቸውን ነግሬው ነበር።»

ማንም አልሳቀም። አባቷ ወደ አማቹ ዞረ። «ነግራሃለች?»

«አልሰማሁም፣ አባቴ። ሬዲዮው…»

«አባ፣» አለች ናስዬኩ፣ «እኔ ያልኩትን ዛሬ አልደግመውም። የሌምፓሶ በትር መሬት ላይ ይቀመጥ። ሌሱዳ ‹የቀረውን አልሰማሁም› ብሎ ይሻገረው። ከተሻገረው አሁኑኑ ከኋላው ተቀምጬ እሄዳለሁ፣ የሳይዲሙም እግር በኔ ስም ይቅር፣ ዳግመኛ አላነሳውም። መሻገር ካልቻለ የሰማውን ይናገር።»

እናቷ ከጎጆው በር ላይ «ኧረ ልጄ» አለች። በትር ተሻግሮ በሐሰት የሚምል ሰው በዚያ አገር የለም። የሚበደርም የሚሰርቅም አለ፣ ያን የሚያደርግ ግን የለም። ሌምፓሶ የወንድሙን ልጅ አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ በትሩን ቀስ አድርጎ አፈሩ ላይ አኖረው።

ሌሱዳ ተነስቶ ቆመ።

ናስዬኩ እጆቿን አጣምራ ተመለከተችው። እንዲሻገረው እየለመነች መሆኗን ያወቀችው ያኔ ነው። ተሻገር፣ አልሰማሁም በል፣ ሬዲዮው ይሁን፣ ሞተሩ ይሁን፤ ተመልሼ ዕቃ ቤት ልግባ፣ ወተት የምታመጣው ሴት አልፋኝ ትሂድ። አንድ እርምጃ ነበረች። ሌሱዳ እግሩን አላነሳም። በትሩን እያየ፣ በዚያ በማይቸኩል ድምፁ ተናገረ።

«‹ሌሱዳ፣ አማካዩ ወርዷል፣ ከገደቡ በታች ነው› አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለች። ‹ግን ምድሩ ሞቋል፣ ላይ ጥፊው ጀምሯል። ክንፉን አታንሳ። ልጆቹንም ከገመዱ አርቃቸው። ማምሻውን ሲበርድ እናየዋለን።› እኔ ሰማሁ አልኳት።»

ልጆቹንም ከገመዱ አርቃቸው። ይህን ማለቷን እሷ ራሷ ረስታው ነበር። ስለ ገመድ ያዦቹ ሁልጊዜ የምትለው ነገር ስለሆነ ልብ አላለችውም። በእነዚያ ሁሉ ሌሊቶች ቃሏን በልቧ ስትደግም አልፋዋለች። እሱ አልረሳውም። ዝም ያለችበትን ቦታ ሳይቀር ይዞታል። አጠገቧ ሲተኛ፣ ኡጋሊውን ሲቆርስ፣ «‹ግን› የሚል አልሰማሁም» ሲላት፣ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ውስጡ ነበር።

«ለምን አነሳኸው ታዲያ?» አለ ሌምፓሶ።

«አማካዩ ከገደቡ በታች ነበር። ክሬኑ ሊሄድ ነበር። ታች ነፋስ አልነበረም፣ አጎቴ። ፊቴ ላይ ምንም አልነበረም።»

ሽማግሌው በትሩን አንስቶ አፈሩን ጠረገው። «ለሳይዲሙ አባቶች እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ግራሩ ሥር፣ ሴቶቹ እየሰሙ። እርግማኑ ከመጣ ወደ እኛ ይምጣ።» ሲናገር ድምፁ አርጅቶ ነበር።

አባቷ በረጅሙ ተነፈሰ። ተራው እንዳለቀ ሰው ትከሻው ወረደ። «በይ እንግዲህ፣ ልጄ። ቃልሽ ተመለሰልሽ። ስኳሩን እናትሽ ታስገባው፣ አንቺም ዕቃሽን አውጪ።»

ናስዬኩ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ባይሰማ ኖሮ እሄድ ነበር፣ አባ።»

«አሁን ተናግሯል እኮ። ጥፋቱን ያላመነ ነው የሚተወው። ይህ አምኗል።»

«አዎ። ያመነው መስማቱን ነው።»

አባቷ ትምባሆውን ወደ ሌምፓሶ ገፋው። ያመጡት ሲመለስላቸው ሚስቲቱ አትመለስም ማለት ነው፤ በዚህ ነገሩ አለቀ።

ስኳሩን ይዛ የወጣችው ራሷ ናት። ሌሱዳ ሞተር ብስክሌቱ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን መያዣው ላይ አድርጎ፣ አጎቱ ተሰናብቶ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር።

«ሬዲዮው ግን በእውነት ይንጫጫ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው።

ስኳሩን ከመቀመጫው ጎን አሰረችው። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ገመዱን ደግማ አጠበቀችውና ወደ ግልገሎቹ ተመለሰች።